ራሱን ማቀባበል ያቃተው አውቶኮከር

እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። ሰላምታው በቅጡ ሳያልቅ «መሣሪያ ገዛህ አሉ?» አለችኝ። እህቴ ናት ያሳበቀችብኝ። «እማዬ፣ የሚተኩሰው እኮ ቀለም ነው» አልኳት። «ለቀለም ብሩሽ አይሻልም?» አለችና ወሬ ቀየረች።

የሚገርመው፣ ይህ የቀለም ኳስ የሚተኩስ ዕቃ ሲፈጠር ከብሩሽ ብዙም አይርቅም ነበር። ኔልሰን የተባለ የአሜሪካ ቀለም አምራች ያወጣው የደን ሠራተኞች ዛፍ ከርቀት ምልክት እንዲያደርጉበት ነው። ከብት አርቢዎችም ከብታቸውን ይለዩበት ነበር። «ማርከር» መባሉም ለዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 1981 ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ፣ ሄኒከር በምትባል ከተማ፣ 12 ሰዎች ይህንኑ ዕቃ ይዘው ጫካ ገቡ። በቀለም ኳስ እየተታኮሱ ባንዲራ የሚሰበስቡበት፣ ፔይንትቦል የሚባለው ጨዋታ የመጀመሪያው ያ ነው። ያሸነፈው የደን ባለሙያ ነበር። አንድም ጊዜ ሳይተኩስ ባንዲራዎቹን ለቃቅሞ ወጣ።

እኔ እንደሱ አይደለሁም። የምኖረው አሜሪካ፣ ዋሺንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቱንም ጊዜ ጀርባዬ በልዞ ተመለስኩ። ልቤን የወሰደው ጨዋታው ሳይሆን አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ይዞት የመጣው አሮጌ ማርከር ነው። የኪራዮቹ ማርከሮች ሆዳቸው አይታይም። የሰውዬው ግን አንጀቱ ውጭ ነው። ከፊቱ ቀጫጭን ቱቦዎች፣ የአየር ግፊት የሚመጥን ትንሽ ሬጉሌተር፣ ጣት የምታክል ፒስተን። ቃታውን በሳበ ቁጥር ከኋላ አንድ ብረት ሸሸት ብሎ ይመለሳል። ቸክ-ቸክ። ምን እንደሚባል ስጠይቀው «አውቶኮከር» አለኝ።

በአማርኛ «ራሱን የሚያቀባብል» ብንለው ያስኬዳል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በድ ኦር የተባለ ሰው ኩባንያ ያወጣው ነው፤ በ1990ዎቹ ስሙ የገነነ ማርከር ነበር። ከሱ በፊት በእጅ የሚቀባበል ማርከር ነበራቸው። ያንኑ ወሰዱና እጅ የሚሠራውን ሥራ ለአየር ሰጡት። ቱቦው ሁሉ ውጭ የተንጠለጠለው ለዚህ ነው። በኋላ ላይ ተጨምሮበት ነው እንጂ አብሮት አልተወለደም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ኢንተርኔት ላይ አገኘሁ። 90 ዶላር። ማስታወቂያው «ይሠራል፣ ትንሽ ይተነፍሳል» ይላል። ከሻጩ ጋር የተገናኘነው አንድ የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ ውስጥ ነው። በነገራችን ላይ፣ አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሰው ሆኖ ፓርኪንግ ላይ መሣሪያ የሚመስል ነገር አውጥቶ ማገላበጥ ብልህነት አይደለም። ሻንጣው ሳይከፈት ተቀብዬ መኪናው ኋላ ከተትኩት። ጥንቃቄው ልክ ነበር፣ ግዢው ግን የጭፍን ሆነ። አየር ተሞልቶ ሲይዝና ሲተኩስ የሚያሳይ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም።

አብሮት የመጣው የአየር ሲሊንደር ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። እዚህ አገር ሲሊንደሩ ላይ ቀን ታትሟል። በየ5 ዓመቱ በውሃ ግፊት ካልተፈተሸ የሚሞላልህ የለም። በካርቦን ፋይበር የተጠቀለለው ዓይነት ደግሞ ብዙውን ጊዜ 15 ዓመት ሲሞላው ፍተሻም አያድነውም፣ ጡረታ ነው። የእኔው ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ሊሞላልኝ የነበረው ልጅ ቀኑን አየና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ለአዲስ የአልሙኒየም ሲሊንደር 60 ዶላር ከፈልኩ። በዚህ ነገር ቀልድ የለም። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት በፒኤስአይ ሲለካ 32 ገደማ ነው። ይህች ቁመቷ ከአንድ ክንድ የማይበልጥ ጠርሙስ 3,000 ትይዛለች። ድሮ ማርከሮቹ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር የሚሠሩት። እሱ ይረክሳል፣ ግን ብርድ ሲመጣ ግፊቱ ይወርዳል፤ ፈሳሽ ሆኖ ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ ሬጉሌተሩን በረዶ ያደርገዋል።

ቤዝመንት ወረድኩ። ዓይኔን ሸፈንኩ፣ አፈሙዙን በጨርቅ መሸፈኛው ዘጋሁ። ሲሊንደሩን ጠምዝዤ አስገባሁት። ሽሽሽሽሽሽ! «ትንሽ ይተነፍሳል» ያለው ሰውዬ ትልቁን ምን ሊለው ኖሯል? ባለቤቴ ከላይ «ጋዝ ነው እንዴ?» ብላ ጮኸች።

የሳህን ሳሙና በውሃ በጥብጬ በብሩሽ ቀባሁት። (ብሩሽ እንደሚሻል እናቴ ተናግራ ነበር።) አረፋው ከሁለት ቦታ ተነሳ። ሲሊንደሩ ከሚገጠምበት አንገት ላይ ትልልቅ ኳስ እየሆነ ይፈነዳል። ከፊት፣ ባለሦስት መንገድ የምትባለው ቫልቭ ላይ፣ እንደ ቢራ አረፋ ደቃቅ ሆኖ ይንተከተካል። ጨርቁን ገለጥ አድርጌ አፈሙዙ ላይ እጄን ሳደርግ ደግሞ ቀዝቃዛ ነፋስ አለ። እያንዳንዱ የራሱን ይናገራል። አንገት ላይ ያለው የሳንቲም ዋጋ ያላት ኦሪንግ፣ ማለትም የጎማ ማሸጊያ ቀለበት፣ ናት። ባለሦስት መንገዷም ውስጥ ያሉት ኦሪንጎች ናቸው። በአፈሙዝ የሚወጣው ግን የዋናው ቫልቭ ክዳን አልገጥም ሲል ነው።

ልክ በዚህ ሰዓት ቆም ብዬ በርካሿ ኦሪንግ መጀመር ነበረብኝ። እኔ ግን ሁሉንም ፈታሁት። ፎቶ አላነሳሁም። ብሎኖቹን በሙሉ አንድ ሲኒ ውስጥ ጨመርኳቸው። ቫልቩን የሚመታው የመምቻው ሞላ ተስፈንጥሮ ከማጠቢያ ማሽኑ ኋላ ገባ። ብሩጎላዎቼ፣ ባለስድስት ጎን የብሎን መፍቻዎቼ፣ ደግሞ በሚሊሜትር ናቸው፣ ማርከሩ በኢንች ነው። 3 ሚሊሜትሩ የስምንተኛ ኢንቹ ቦታ ላይ የገጠመ ይመስላል። ትንሽ ጠንከር ስትል ይሽከረከርና የብሎኑን ራስ ይበላዋል። ሁለት ብሎን በላ። በማግስቱ የኢንች ብሩጎላ በ19 ዶላር ገዛሁ።

ኦሪንጎቹን ሳወጣ የቀድሞው ባለቤት ምን እንዳደረገ ገባኝ። ሽታው ይናገራል። የዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ ነፍቶበታል። ግማሾቹ አብጠው ከቦያቸው ወጥተዋል፣ የቀሩት ተሰነጣጥቀዋል። አዲሶቹን ለኦሪንግ የሚሆን ግራሶ በጣት ጫፍ ብቻ አስነክቼ አስገባኋቸው። በዚያው ስሜት የሲሊንደሩን መሙያም ዘይት ላስነካው ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከፍተኛ ግፊት ያለው አየርና ዘይት ሲገናኙ ሊቀጣጠሉ ይችላሉ። እጄን ሰበሰብኩ።

ኦሪንጎቹ 14 ዶላር፣ የቫልቭ ክዳኑ 12። ሽሽታው ጠፋ። ደስ ብሎኝ አምስት ኳስ ጨመርኩና ወደ አሮጌ ፍራሽ አነጣጥሬ ቃታውን ሳብኩ። ወደፊት የሄደ የለም። አየሩ በኳስ መግቢያው ሽቅብ ተፈናጥሮ ሁለቱን ኮርኒሱ ላይ አፈነዳቸው። ብጫ። ደግነቱ ቅርፊቱ ጄላቲን ነው፣ ቀለሙም በውሃ ይለቃል። ባለቤቴ ሳታይ ጠረግኩት። ማለቴ፣ ያላየች መስሎኝ ነበር።

ጎረቤታችን ያሉትን ጋሼን ጠራኋቸው። አዲስ አበባ ሳሉ ዕድሜያቸውን ጋራዥ ውስጥ የፈጁ ሰው ናቸው። ማርከር አይተው አያውቁም። አገላብጠው አዩት፣ ቃታውን ቀስ አድርገው ሳቡት፣ ለቀቁት።

«አንተ ልጅ፣ ስንቱን ብሎን ነካካህ?»

«ሁሉንም፣ ጋሼ።»

«በቃ ታይሚንጉን ገድለኸዋል።»

እውነትም የአውቶኮከር ነገር ሁሉ ቅደም ተከተል ነው። ቃታውን ስትስብ መጀመሪያ መምቻው ይለቀቅና ቫልቩን ይመታል። ኳሱ ይወጣል። ሳታቆም እስከ መጨረሻው ስትስበው ባለሦስት መንገዷ አየሩን ወደ ፒስተኗ ታሳልፋለች። ፒስተኗ የኋላውን ብረት ትገፋና መምቻው ይቀባበላል፣ ቀጣዩ ኳስ ይወርዳል። ስትለቀው ሁሉም ወደፊት ተመልሶ ይዘጋል። የእኔው ግን ከመተኮሱ በፊት ሊያቀባብል ይሮጣል። የኳስ መግቢያው ተከፍቶ ሳለ ይተኩሳል፣ አየሩም በተከፈተው ይወጣል።

ጋሼ የልጄን የጥፍር ቀለም አስመጡና እያንዳንዱ ብሎን ላይ አንድ አንድ ነጥብ አደረጉ። «አንዱን፣ ሩብ ዙር። ከዚያ ሞክር። ጻፈው። ሁለተኛውን ከነካህ እሄዳለሁ» አሉኝ። መጀመሪያ መምቻውን የሚይዘውን ጥርስ አስተካከልን፣ ቃታው ገና ሲጀምር እንዲለቅ። ከዚያ ወደ ባለሦስት መንገዷ የሚሄደውን ዘንግ። ጋሼ በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው የሚሠሩት። ዓይናቸውን ጨፍነው ቃታውን እንደ ቀንድ አውጣ ያስጎትቱኛል። ጠቅ። ቆይ። ቆይ። ችስ። «አሁን በመሃላቸው ትንፋሽ አለ» አሉ። በጠቅና በችስ መካከል ያቺ ክፍተት እስክትመጣ ሦስት ምሽት ፈጀብን። የትንሹን ሬጉሌተር ግፊት ደግሞ የኋላው ብረት መንቀሳቀስ እስኪያቆም ቀነስኩና ሳይንገራገጭ እስኪሄድ ብቻ መለስኩት። ሲበዛ ብረቱ እየተላተመ ኳስ ይሰብራል።

ቅዳሜ ሜዳ ሄድኩ። መግቢያው ላይ የኳስ ፍጥነት መለኪያ አለ። ብዙ ቦታ ጣሪያው በሰከንድ 300 ጫማ፣ 91 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ግን 280 ነው። የእኔ 311 አለ። ዳኛው ራሱን ነቀነቀ። ከኋላ ያለውን የሞላ ማጥበቂያ ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር እያልኩ አላላሁት። 292። 281። 274። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ስተኩስ ከ271 እስከ 276 ነበር። ያን ቀን ማንንም አልመታሁም፣ ራሴ አራት ጊዜ ተመታሁ። ቸክ-ቸኩ ግን አንድም ጊዜ አልተዛነፈም።

ሒሳቡን ስደምር 195 ዶላር ነው። በዚህ ብር ከሳጥኑ ወጥቶ የሚተኩስ አዲስ ማርከር ይገኛል። ባለቤቴ ይህን አስልታ ነግራኛለች፣ ከኮርኒሱ ጉዳይ ጋር አንድ ላይ።

ከሜዳው ስወጣ አንድ ወጣት ቱቦዎቹን እያየ ተከተለኝ። ልክ እኔ ያንን ሰውዬ እንዳየሁት። ይሸጣል ወይ አለኝ። ከሰዓት ጀምሮ ከሬጉሌተሩ በኩል ቀጭን ነገር ሲያፏጭ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆኜ ነበር። ሳሙናና ብሩሽ ይፈልጋል። «ይሠራል?» አለ ልጁ።

«ይሠራል» አልኩት። «ትንሽ ይተነፍሳል።»