ከልብ ወለዱ የሚብሰው መዝገብ

በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢ ደርቤ የማነባቸው፣ ሐኪሞች ሕሙማንን ሳያስፈቅዱ ሙከራ የሚያካሂዱባቸው ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለዶች፣ ክፋቱን ሁሉ በምድር ቤት ለተደበቀ አንድ እብድ ያሸክሙታል። በአሜሪካ አላባማ፣ በተስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. የተካሄደውን ጥናት ግን የመራው የመንግሥት የጤና አገልግሎት ነበር። 399 ቂጥኝ የያዛቸውና 201 ያልያዛቸው ጥቁር ወንዶች በአካባቢው ልዩ ልዩ ሕመሞች በጅምላ ይጠሩበት ለነበረው «መጥፎ ደም» እየታከሙ እንደሆነ ተነገራቸው፤ ፔኒሲሊን የበሽታው ዋና መድኃኒት ከሆነ በኋላም ሕክምናው ለሕሙማኑ እንዳይደርሳቸው ተደረገ። እኔን ይበልጥ የሚዘገንነኝ ለቀብር የተከፈለው ገንዘብ ነው፤ የሚሰጠው አስከሬኑ እንዲመረመር ለፈቀዱ ነበርና። ቀብር የዕድር ጉዳይ በሆነበት በእኛ በሰሜን ሸዋ፣ ይህን ውል ለአንድ የዕድር ዳኛ ማስረዳት ይቸግራል። እንዲህ ያለ ልብ ወለድ ብጽፍ ዋና ገጸ ባሕርዬ መዝገቡን በጥንቃቄ የሚሞላው ጸሐፊ ይሆን ነበር።