21ኛው ቀን የኔ ቀን አልነበረም

ፕሮጄስትሮን የሚባለውን ሆርሞን ተመርምረሽ «ዝቅተኛ ነው፤ እንቁላል አልወጣም» ከተባልሽ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደሙ የተወሰደው ወር አበባሽ በመጣ በስንተኛው ቀን ነው? «በ21ኛው» ካልሽኝ ወሬያችን ይረዝማል።

እኔም ልጅ ፈልጌ የተመረመርኩት በ21ኛው ቀን ነው። ውጤቱ ወደ ታች የሚያይ ቀስት ተደርጎበት መጣ። ባለቤቴ ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ታዲያ ይሄ ምን ማለት ነው?» አለኝ። የሐኪሟ ኮሪደር ሙሉ ነው፣ ለአንዷ ሴት የሚደርሳት ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ማንበብ ጀመርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዑደቱ የመጀመሪያ ክፍል ከአንጎል ሥር ያለች ትንሽ ዕጢ በምትልከው ሆርሞን አንዷ እንቁላል ትበስላለች፤ ሌላው የሴት ሆርሞን ኢስትሮጅንም ይጨምራል። እንቁላሏ ስትወጣ የነበረችበት ከረጢት ፕሮጄስትሮን ማመንጨት ይጀምራል። ፕሮጄስትሮን ጣሪያ የሚነካው ከዚያ ሰባት ቀን ገደማ ቆይቶ ነው፤ ማለትም የሚቀጥለው ወር አበባ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው። ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ያ ቀን 21ኛው ነው። ለሌላዋ ግን አይደለም። ጤናማ የሚባለው ዑደት ከ21 እስከ 35 ቀን ስለሚደርስ፣ ይህቺ «ሌላዋ» ብዙ ናት።

የኔን ዑደት ርዝመት የነገረችኝ እማዬ ናት። ስልኬ ላይ መከታተያ መተግበሪያ ጭኜ ነበር፤ ካለፈው ዓመት ግን የሚያውቀው ነገር የለም። እማዬ የምትቆጥረው በበዓል ነው። ወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቤተ መቅደስ ስለማትገባ፣ የትኛዋ ልጇ በየትኛው ንግሥ ደጅ ቆማ እንዳስቀደሰች አትረሳም። «ለኅዳር ሚካኤል ደጅ ነበርሽ። ለታኅሣሥ ገብርኤልም መጣብሽ፣ ያኔ እንኳ ተናደሽ ነበር» አለችኝ። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 19፣ 37 ቀን። ወራችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ በእኛ አቆጣጠር ሂሳቡ አይከብድም። ጳጉሜን ብቻ እንዳትዘለዪ። ነሐሴ 20 መጥቶ መስከረም 20 ከደገመ ዑደትሽ 35 ቀን ነው፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ደግሞ 36። መቁጠር የሚጀመረው ደሙ በደንብ ከመጣበት ቀን ነው እንጂ ካቆመበት አይደለም።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። እንቁላል ከወጣ በኋላ እስከ ወር አበባ ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ 14 ቀን ገደማ ነው። በብዛት የሚረዝመውና የሚያጥረው የፊተኛው ክፍል ነው። ስለዚህ ዑደቷ 37 ቀን የሆነ ሴት እንቁላሏ የሚወጣው በ23ኛው ቀን አካባቢ ነው። በ21ኛው ቀን ደም የሰጠሁት እንቁላሉ ገና ሳይወጣ ነበር ማለት ነው። የኔ ቀን 30ኛው ነበር። ይህን ጽፌ ለሐኪሟ አሳየኋት። አየችው፣ «ልክ ነሽ፣ ይደገም» አለች። በ30ኛው ቀን ሲደገም በሚሊ ሊትር ከ3 ናኖግራም በላይ ሆነ፤ እንቁላል መውጣቱን ለማመን ይሄ ይበቃል።

በዚያ ወር እንቁላል ወጥቷል። ሁሉም ወር ግን እንደዚያ አልነበረም፤ ይህን ያወቅኩት በየቀኑ መመዝገብ ስጀምር ነው። ሁለት ነገር ነው የምመዘግበው። አንዱ ከብልት የሚወጣው ፈሳሽ ነው። እንቁላል ሊወጣ ሲቃረብ የሚታየው ፈሳሽ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጩ ክፍል የጠራ፣ የሚሳብ ይሆናል። «ኢንፌክሽን ነው» ብለው መድኃኒት የሚፈልጉለት ሴቶች አውቃለሁ፤ ካልሸተተና ካላሳከከ ጤና ነው። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሺ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ትለኪያለሽ። እንቁላል ከወጣ በኋላ ከ0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ያህል ከፍ ይልና እስከ ወር አበባ ድረስ እዚያው ይቆያል። ለቅዳሴ ሌሊት የተነሳሽበትን ቀን ተይው፣ ቁጥሩ ያሳስታል። ሙቀት የሚነግርሽ ካለፈ በኋላ ነው፤ ልጅ ለሚፈልግ ሰው የሚጠቅመው ፈሳሹ ነው። የወንድ ዘር ማህፀን ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል፣ የሴት እንቁላል ግን አንድ ቀን እንኳ በቅጡ አትቆይም። ስለዚህ ቀደም ማለት ነው የሚያዋጣው።

ሌሎቹ ሆርሞኖችም የየራሳቸው ጣጣ አላቸው። ጡት ወተት እንዲያመነጭ የሚያደርገው ሆርሞን፣ ፕሮላክቲን፣ በጭንቀት ይጨምራል፤ ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድም ከፍ ያደርገዋል። ትንሽ ከፍ ቢል ሳትደነግጪ አስደግሚው። የታይሮይድ፣ ማለትም የአንገት ዕጢ፣ ምርመራ ቀን አይመርጥም። እንቅርት በቤተሰባችሁ ካለ ደግሞ ከምንም በፊት ይህን አስመርምሪ፤ የታይሮይድ ማነስ ወር አበባን ያዛባል፣ ፕሮላክቲንንም ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

የኔ ችግር በአልትራሳውንድና በመዝገቤ ታወቀ፣ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ። የተዘበራረቀ ዑደት፣ የወንድ ሆርሞን መብዛት፣ በአልትራሳውንድ የሚታዩ ብዙ ትንንሽ ከረጢቶች፤ ከሦስቱ ሁለቱ ከተገኙና ሌላ ምክንያት ከሌለ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ይባላል። ከረጢቶቹ ያልበሰሉ እንቁላሎች የያዙ ናቸው እንጂ በኦፕሬሽን የሚወጣ እጢ አይደሉም። እኔ ይህን እስክሰማ ድረስ ሆዴን ሊቀዱኝ ነው ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

የታዘዘልኝ ሌትሮዞል ነው፤ ለአምስት ቀን የሚዋጥ። ፋርማሲስቷ ማዘዣውን አይታ ፊቷ ተለወጠ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አይዞሽ፣ እግዜር ይማርሽ» አለችኝ። መድኃኒቱ መጀመሪያ የተሠራው ለጡት ካንሰር ነው። ዛሬ ግን በዓለም አቀፍ መመሪያ ለፖሊሲስቲክ ኦቫሪ እንቁላል ለማስወጣት ቀዳሚው ነው። ሳስረዳት ሁለታችንም ሳቅን። ያለ ሐኪም ክትትል የሚወሰድ ግን አይደለም።

አማቴ በዚህ ሁሉ መሀል ጸበል እንድሄድ ትመክረኝ ነበር። ሄድኩም፣ ደስ ብሎኝ። የማይዋጥልኝ ልጇን አንድም ቀን «አንተስ?» አለማለቷ ነው። ልጅ ካጡ ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ጋር የወንዱም ድርሻ አለ። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ደግሞ ከሴቷ ምርመራዎች ሁሉ ይቀላል፣ ይረክሳል፣ አያምም። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ታቅቦ ናሙና መስጠት ብቻ ነው። ባለቤቴ አንድ ሳምንት አንገራገረና ሄደ። የሱ ደህና ነበር። ባይሆን ኖሮ እኔ በከንቱ መድኃኒት ስውጥ ልከርም ነበር። ማህፀን ቱቦ በቀለም የሚታይበትን ምርመራም ያደረግኩት ከሱ ውጤት በኋላ ነው። ያ ያማል፣ አልዋሽሽም።

ልጅ እየሞከርሽ ሐኪም ጋር ከመሄድሽ በፊት ስንት ጊዜ ይጠበቃል ለምትዪኝ፣ ከ35 ዓመት በታች ከሆንሽ አንድ ዓመት፣ ከዚያ በላይ ስድስት ወር። ወር አበባሽ የሚዘበራረቅ ከሆነ ግን ጊዜ ሳትጠብቂ ሂጂ።

ልጄ አሁን ትሮጣለች። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪው ግን ስለወለድኩ አልሄደም። ልጅ ለማትፈልግ ሴትም ጉዳዩ አያልቅም። ወር አበባ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ሲጠፋ የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን እየወፈረ ይሄዳል፤ «ተገላገልኩ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ለስኳር በሽታም ያጋልጣል፣ ስለዚህ በየጊዜው ስኳሬን እመረመራለሁ። የዘንድሮውን ቀጠሮዬን ከፋሲካ በፊት አስደርጌዋለሁ፤ ከዶሮው በኋላ ያለውን ቁጥር ማየት አልፈልግም።