በሲሞኖቭ ጠመንጃ እርግጫ ውስጥ የምሰማው ድምፅ፦ የአምስት ወር የጥገና ማስታወሻ

በፍኖተ ሰላም ከተማ ዳር ባለ አንድ የእህል መጋዘን በሌሊት ጥበቃ ስሠራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የምይዘው ጠመንጃ ሲሞኖቭ ነው፤ በመሣሪያ ክፍሉ መዝገብ ላይ በቁጥሩ ሰፍሮ ማታ በፊርማዬ ይወጣል፣ ጠዋት በፊርማዬ ይመለሳል። መስከረም መጨረሻ ላይ በነበረን የተኩስ ልምምድ እያንዳንዱን ጥይት ከተኮስሁ በኋላ ከሰደፉ ወደ ጉንጬ አጥንት የሚመጣ፣ እንደ ክራር ጅማት ነዝሮ የሚጠፋ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ጠመንጃው አልነከሰም፤ ዒላማም አልሳተም። ነገር ግን ድምፁ ባለፈው ዓመት አልነበረም፤ ያልነበረ ድምፅ ሲመጣ ምክንያቱን ሳላውቅ መተኛት አልችልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያደረግሁትን በደብተር ስይዝ ቆይቻለሁ፤ ተመሳሳይ ጠመንጃ ለያዛችሁ የሙያ ጓደኞቼ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ፣ የተሳሳትሁትንም ጨምሬ እዚህ አሰፍራለሁ።

አባቶቻችን ይይዟቸው የነበሩት ምንሽርና ውጅግራ በእጅ የሚቀባበሉ በመሆናቸው ተኳሹ የሚሰማው ድምፅ የጥይቱንና የራሱን እጅ ብቻ ነበር። ሰርጌይ ሲሞኖቭ በ1945 እ.ኤ.አ. የነደፈው ይህ ጠመንጃ ግን በ7.62 በ39 ሚሊሜትር ጥይት የሚሠራና ራሱን በራሱ የሚያጎርስ ስለሆነ፣ ምላጩ በተሳበ ቁጥር ብዙ ብረት ይንቀሳቀሳል። ከአፈሙዙ በኩል የተቀነሰው የባሩድ ጋዝ ፒስተኑን ይገፋል፤ የፒስተኑ ግፊት የመዝጊያውን ተሸካሚ ወደ ኋላ ይልከዋል፤ ተሸካሚው መዝጊያውን ከቁልፉ አላቆ ቀለሁን ያስወጣል፣ መላሽ ሞላውንም ይጨምቃል፤ የተጨመቀው ሞላ ደግሞ ሁሉንም ወደ ፊት መልሶ አዲስ ጥይት ያጎርሳል። እርግጫ ብለን በትከሻችን የምንቀበለው ነገር ውስጥ ይህ ሁሉ ምልልስ አለ። ስለዚህ ድምፁን ስሰማ ወዲያውኑ «ሞላው ነው» አልሁ፤ ከፊል ትክክል ነበርሁ፣ ከፊል ደግሞ አልነበርሁም።

የመሣሪያ ክፍላችን ኃላፊ ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ናቸው። ጠመንጃውን ፈትቼ እንዳየው ፈቃድ ስጠይቃቸው ዓይናቸውን ከመዝገቡ ሳያነሡ፣ «ሞላው ነው ያለህ ማነው?» አሉኝ። «እኔው ነኝ ሃምሳ አለቃ፤ ሲነዝር ይሰማኛል» ብላቸው፣ «እንግዲያው መጀመሪያ ሰደፉን ክፈተው» ብለው ዝም አሉ። የእርግጫ ድምፅ ከሰደፍ ምን አገናኘው ብዬ በልቤ መናቄን አልደብቅም።

ሥራ የጀመርሁት ጥይቱን በሙሉ አራግፌ፣ የጥይት ማረፊያውን በዓይኔም በትንሿ ጣቴም ካረጋገጥሁ በኋላ ነው። ባዶ ጠመንጃ ደጋግሞ አቀባብሎ ለመስማት የሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ይገጥመዋል፦ የጠመንጃው የጥይት መጋዘን ባዶ ሲሆን መዝጊያው ወደ ኋላ ሄዶ እዚያው ይያዛል። የጥይት መጋዘኑን የታች ክዳን ከፍቶ ማንጠልጠል ግን ይህን ስለሚያስቀር መቀባበያውን እየሳቡ እንደልብ ማዳመጥ ይቻላል። እኔም በዚህ መንገድ፣ ጆሮዬን ሰደፉ ላይ አስደግፌ፣ አንድ ጊዜ በፍጥነት አንድ ጊዜ በዝግታ እየሳብሁ አዳመጥሁ። በዝግታ ስስብ የሚፋቅ ድምፅ፣ በፍጥነት ስለቀው ደግሞ ንዝረትና ቅጭልጭል አብረው መጡ። አንድ ድምፅ የመሰለኝ ሦስት ሆኖ ተገኘ።

ቅጭልጭሉን ለማግኘት ከውጭ ያለውን አንድ በአንድ ያዝሁ። ታጣፊው ሳንጃ ጥብቅ ነው፤ ከአፈሙዙ ሥር ያለው የመወልወያ ዘንግ አይንቀሳቀስም፤ የማንገቻው ቀለበት ትንሽ ይላላል እንጂ ይህን ያህል አይጮኽም። በመጨረሻ የሃምሳ አለቃን ቃል አስታውሼ በሰደፉ ጫፍ ያለውን ትንሽ መዝጊያ ገፋሁት። ውስጡ የመወልወያ ዕቃ የሚቀመጥበት ቆርቆሮ አለ፤ ዕቃው የተጠቀለለበት ጨርቅ ከማን እጅ እንደጠፋ እንጃ፣ ብሎን መፍቻውና ብሩሹ ራቁታቸውን ከቆርቆሮው ጋር ይላተማሉ። በቁራጭ አቡጀዲ ጠቅልዬ መልሼ ስከተው ቅጭልጭሉ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ለሃምሳ አለቃ ስነግራቸው ምንም አላሉም፤ ፈገግታቸው ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ቀጥሎ ወደ ሞላው ሄድሁ። በቀኝ በኩል ያለውን የክዳኑን መያዣ ወደ ላይ አዙሬ ወደ ጎን ሳብሁና ክዳኑን ከነሞላው አወጣሁት። ሞላው አንዱ በሌላው ውስጥ በሚገባ ዘንግ ላይ ተሰክቶ የሚኖር ነው። በላምባ ካጠብሁት በኋላ ብርሃን ላይ ሳየው፣ መሐል አካባቢ ያሉት አምስት ስድስት ጥምዝ በአንድ ጎናቸው ብቻ እንደ መስታወት አንጸባርቀዋል፤ ዘንጉም በዚያው ትይዩ ተፍቋል። ሌላው ገላው ደረቅና በጥቂት የዝገት ነጥብ የተዥጎረጎረ ነበር። ይህ ለእኔ በቂ ማስረጃ ሆነኝ፦ ደረቅ ሞላ ሲጨመቅ ዘንጉ ላይ እየፋቀ ይሄዳል፣ ሲለቀቅም ይነዝራል።

ስህተቴ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ለመኪና የሚሆን ግራሶ አግኝቼ ሞላውን እንደ ዳቦ ቅቤ ቀባሁት። ድምፁ በዚያው ቀን ጸጥ አለ፤ እኔም ደብተሬ ላይ «ተፈታ» ብዬ ጻፍሁ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን መፋቁ ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ፤ በታኅሣሥ ንጋት ደግሞ መዝጊያው እየተጎተተ ይዘጋ ጀመር። ስፈታው ግራሶው ግራጫ ጭቃ ሆኗል። የምጠብቀው የእህል መጋዘን መሆኑን ረስቼ ነበር፦ በቆሎና ጤፍ ሲራገፍ የሚነሣው አቧራ በዚያ ሁሉ ቅባት ላይ ተለጥፎ እንደ ሞረድ ሆነ። ሁሉንም አጥቤ አደረቅሁና፣ በዘይት የረጠበ ጨርቅ በሁለት ጣቴ ይዤ ሞላውን አንድ ጊዜ ብቻ አለፍሁበት። በጣት ሲነኩት የሚያዳልጥ፣ በዓይን ሲያዩት ግን እርጥብ የማይመስል ቅባት ይበቃል።

አንድ ባልደረባዬ ሞላውን በእጅ ሳብ አድርጎ ማስረዘም ጉልበቱን እንደሚመልስለት መክሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። ሲሳብ ጥምዞቹ እኩል አይለጠጡም፤ ያልተስተካከለ ሞላ ደግሞ ዘንጉን ይበልጥ ይፍቃል። ሞላው ተጣምሞ ከሆነ መፍትሔው መቀየር ነው። የእኔን ከዘንጉ ሳላወጣ በመስኮት መስታወት ላይ አንከባልዬው ሳይንገዳገድ ስለተንከባለለ አቆየሁት።

መጥፋት የሌለበት ድምፅ መኖሩን የተማርሁትም በዚሁ ሥራ ነው። መዝጊያውን ለብቻው አውጥቼ ጆሮዬ አጠገብ ስነቀንቀው ውስጡ ያለው፣ ጥይቱን መትቶ የሚለኩሰው መርፌ ቀጭ ቀጭ ይላል። ይህንንም በቅባት ላፍነው ተዘጋጅቼ ሳለ ሃምሳ አለቃ እጄን ያዙኝ። በአብዛኛው ሲሞኖቭ ላይ መርፌው የራሱ ሞላ የለውም፤ በነፃነት ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንሸራተት አለበት። በደረቀ ቅባት ወይም በቆሻሻ ወደ ፊት እንደወጣ ከተያዘ መዝጊያው ጥይት ሲያጎርስ ምላጭ ሳይነካ ሊተኩስ ይችላል። ስለዚህ የመርፌውን መንገድ በላምባ አጥቤ ደረቅ አድርጌ ተውሁት፤ አሁን በወለወልሁ ቁጥር መጀመሪያ የማዳምጠው ይህንኑ ቀጭታ ነው።

ፒስተኑንም ደረቅ ትቼዋለሁ፤ በዚያ ሙቀት ዘይት ከጥላሸት ጋር ተጋግሮ ሙጫ ይሆናል። የዝገቱን ነጥብ ምክንያት በተመለከተ የቆዩ ጥይቶች መለኮሻ እርጥበት የሚስብ ጨው እንደሚተው ስለማውቅ፣ ከተኩስ በኋላ አፈሙዙንና የጋዙን መንገድ በሙቅ ውኃ አጥቤ ማድረቅ ጀምሬያለሁ፤ በተለይ በክረምት ይህን መዝለል አይገባም።

በየካቲቱ ልምምድ አሥሩን ጥይት በተከታታይ ሳይሆን በየመሐሉ እያረፍሁ ተኮስሁ። ንዝረቱ የለም። ተሸካሚው ወደ ኋላ ሄዶ የሚመታበት ደረቅ ኳኳታ እንዳለ ነው፤ እርሱ የጠመንጃው ተፈጥሮ ነው። ከስድስተኛው ጥይት ጀምሮ ግን ከላይኛው ክዳን በኩል አንዲት ትንሽ ጠቅታ ሰማሁ። ክዳኑን በአውራ ጣቴ ወደ ታች ተጭኜ ባዶውን ሳቀባብል ትጠፋለች፤ ስለቀው ትመለሳለች። ክዳኑን የሚይዘው ፒን ያረጀ ይመስለኛል፤ ሃምሳ አለቃ ከአገልግሎት ውጭ ከሆነ ጠመንጃ የወጣ ፒን ሊያመጡልኝ ቃል ገብተዋል፤ እስከዚያው ድረስ በደብተሬ ላይ «አልተፈታም» ብዬ ጽፌያለሁ።