ጋሻ የሚነሣበት ቅጽበት

ጅማ ፈረንጅ አራዳ በሚገኘው ቤታችን፣ ቅዳሜ ማታ ለአምስት ሰዎች የሚና ጨዋታ (እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ፣ አጫዋቹ ደግሞ ጠላቶቹን ሆኖ፣ የሚሆነውን በዳይስ የሚወስኑበት የታሪክ ጨዋታ) ማጫወት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ደጋግሜ ያበላሸሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ ጠላት ሲሰነዝርበት ተጫዋቹ ምን ማድረግ ይችላል የሚለው ጉዳይ ነው። ለማጥቃት ሁሉም ተራውን ጠብቆ፣ አስቦና ተማክሮ ይነሣል፤ መከላከል ግን በሌላ ሰው ተራ ላይ በቅጽበት የሚወሰን በመሆኑ፣ ሕጉ ትንሽ ከተዛባ ወይ ውጊያው ይንዛዛል፣ ወይ ተጫዋቹ ቡናውን እየጠጣ ቁስሉን ብቻ የሚቆጥር ተመልካች ሆኖ ይቀራል።

የጀመርነው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 በወጣው የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም ነበር። በዚያ ሕግ እያንዳንዱ ተዋጊ፣ ከአንዱ ተራው እስከ ቀጣዩ ድረስ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠቀምበት «ምላሽ» አለው። አስማተኛው ጠላት ሲመታው በድግምት ጋሻ የመከላከያ ቁጥሩን፣ ማለትም ጠላት እሱን ለመምታት ባለ 20 ገጽ ዳይስ ጥሎ ሊደርስበት የሚገባውን ቁጥር፣ በ5 ከፍ ያደርጋል፤ ለዚሁ የሠለጠነ ባለ ጋሻ አጠገቡ ባለው ወዳጁ ላይ የተሰነዘረውን ያሰናክላል፤ ከአጠገብ የሚሸሸውን ጠላት ለመምታትም የሚወጣው ያው አንዱ ምላሽ ነው። የዚያ 5 ዋጋ ለሁሉም እኩል አለመሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ለጥቃት በጣለው ዳይስ ላይ 5 የሚደምር ጠላት፣ የመከላከያ ቁጥሩ 11 የሆነውን ሰው የመምታት ዕድሉ 75 በመቶ ሲሆን፣ በድግምቱ ወደ 50 ይወርዳል፤ ቁጥሩ 16 ለሆነው ግን ከ50 ወደ 25፣ ማለትም በግማሽ ይቀንሳል። ጥሩር የለበሰው ሰው ከራቁቱ ሰው ይልቅ ተጠቃሚ ነው ማለት ነው።

ችግሩ ባለ 20 ገጽ ዳይስ አለመኖሩ ነበር። በርጩማ የሚሠራ አንድ ጓደኛችን ከዋንዛ እንጨት ጠርቦ አመጣልን፤ እጅግ ያማረ ነበር፣ ግን 17 ቁጥር ያለ ልክ ይወጣ ጀመር። ስለዚህ ከሉዶ ሦስት ተራ ዳይሶች ወስደን፣ በዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1986 የወጣው ገርፕስ የተባለ ጨዋታ የሚሠራበትን የመከላከል ሥርዓት ተበደርን። በዚያ ሥርዓት ተከላካዩ ራሱ ዳይስ ይጥላል፤ ጎንበስ ብሎ ማሳለፍ፣ በያዘው መሣሪያ መመለስ ወይም በጋሻ መመከት ይችላል፤ የሦስቱ ዳይስ ድምር ለመረጠው መከላከያ ካለው ቁጥር ካልበለጠ ተርፏል።

እኔ ግን ሕጉን ስዋስ ግማሹን ጣልኩት። በመሣሪያ መመለስን በአንድ ዙር ስንት ጊዜም ቢሆን በነጻ ፈቀድኩ። ቁጥሩ 12 የሆነ ተዋጊ 74 በመቶ ያህል ስለሚሳካለት፣ የጊቤ መንግሥታት በድንበራቸው ላይ ያቆሟቸውን ኬላዎች አስመስዬ ባዘጋጀሁት በር ላይ፣ ከስድስት ሽፍቶች ጋር የተጀመረው ውጊያ እስከ እኩለ ሌሊት ዘልቆ የቆሰለው ሁለት ሰው ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት የተውኩትን ክፍል መለስኩት፦ በዚያው ዙር በያዘው መሣሪያ ለሁለተኛ ጊዜ የሚመልስ ሰው ከቁጥሩ 4 ይቀነስበታል። 12 ወደ 8 ሲወርድ 74 በመቶው ወደ 26 በመቶ ያሽቆለቁላል። ከዚያ በኋላ ነው የመጀመሪያውን ለየትኛው በትር እንደሚያውሉት ማሰብ የጀመሩት።

ሁለተኛው ጥፋቴ የአፌ ነበር። ጊዜ ለመቆጠብ ስል «መታሽ፤ ጉዳቱ 3 ነው፤ ትመልሻለሽ?» እል ነበር። ታናሽ እህቴ ናት ያረመችኝ፦ «ወንድምዬ፣ ጉዳቱን አስቀድመህ ከነገርከኝ እኮ ምን የምመርጠው አለ?» እውነቷን ነው፤ 3 ሲሆን ማንም ይቀበለዋል፣ 11 ሲሆን ማንም ይከላከላል። ጉግስ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የሚባረረው ፈረሰኛ ጋሻውን ወደ ጀርባው የሚያዞረው ዘንጉ ሳያርፍበት ነው። አሁን የምናገረው ማን፣ በምን፣ ከየት እንደሰነዘረ ብቻ ነው፤ የጉዳቱ ዳይስ ከምርጫው በፊት አይነካም።

ያው ኬላ ላይ በሌላ ቅዳሜ ተመለስን። ዝናብ ነበር፣ መብራትም ጠፍቶ ነበር፤ ዳይሱን በሲኒ ውስጥ አድርጌ በመዳፌ ከድኜዋለሁ። አንድ ቀጭን ሽፍታ በዱላ ሰነዘረባት፤ ከኋላው አለቃቸው ጦሩን እንደያዘ ይጠጋል። እህቴ ሻማውን ወደ ካርታው አስጠግታ ሁለቱንም አየችና «ዱላውን እቀበላለሁ» አለች። ሲኒውን ገለበጥኩት፤ 5 ሆነ፣ ከነበራት ሕይወት ግማሹ ማለት ነው፤ ጠረጴዛው ጸጥ አለ። አለቃው ግን ጦሩን የሰነዘረው በእሷ ላይ ሳይሆን፣ አጠገቧ በቆመውና በዚያ ዙር አንድ ጊዜ መልሶ በጨረሰው በርጩማ ሠሪው ጓደኛችን ላይ ነበር። የቆጠበችው መከላከያ ሳይነካ ዙሩ አለቀ፤ እሷም እስከ ማታው ፍጻሜ አኮረፈችኝ።

አለቃውን አስቀድሜ ያሰብኩት እንደዚያ ስለነበር አልለወጥኩትም። ነገር ግን ኩርፊያዋ ተገቢ ጥያቄ ነበረበት፤ ስለዚህ ካለፉት ሦስት ሳምንታት ወዲህ፣ በዚያ ዙር መሣሪያውን ለመከላከል ያልተጠቀመበት ሰው በአንድ እርምጃ ርቀት ላለ ወዳጁ ከቁጥሩ 2 ተቀንሶ እንዲመልስ እየሞከርን ነው። እስካሁን ሁለት ጊዜ ተሳክቶ አንድ ጊዜ ከሽፏል፤ የከሸፈው የእህቴ ነው።