ቪዛ ሰጪው አምላክና ጫማ ጠባቂው አበሻ

ሰሞኑን የቀድሞ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ በቴሌግራም ጥያቄ ወረወሩልኝ፦ «አንተ ሕንድ፣ ሃይደራባድ ያለኸው፣ እውነት እዚያ ቪዛ የሚሰጥ ጣዖት አለ?» ከሥሩ የሳቅ ምልክት ተደረደረ። አንዱ ላም፣ አንዱ ዝንጀሮ፣ አንዱ አይጥ እያነሣ ወሬውን ተቀባበሉት። ማታ ላይ ከሁሉም አብልጦ ሲያላግጥ የዋለው ለብቻዬ ጻፈልኝ። የፓስፖርቱን ፎቶ አያይዞ «ለማንኛውም ይዘህልኝ ሂድ» ይላል።

አለ። ቺልኩር ባላጂ ይባላል፤ ባላጂ የአምላኩ ስም ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ኦስማን ሳጋር በተባለው የውኃ ማጠራቀሚያ አቅራቢያ ያለ አነስተኛ ቤተ መቅደስ ነው። ከተማዋ የኮምፒውተር ባለሙያዎችን ወደ አሜሪካ መላክ ከጀመረች ወዲህ ሕዝቡ «ቪዛ ባላጂ» ይለዋል። የኤምባሲ ቀጠሮ ያለው ወጣት ፓስፖርቱን በጉያው ይዞ ይመጣና ቤተ መቅደሱን 11 ጊዜ ይዞራል። የለመነው ከተፈጸመለት ደግሞ ተመልሶ 108 ዙር መዞር አለበት። የሚገርመው፣ ሙዳየ ምጽዋት የለውም። ይህን ለእኛ አገር ሰበካ ጉባኤ ብነግር ማን ያምነኛል?

እዚያ የወሰዱኝ አከራዬ ናቸው። እንደ አገሩ ሰው «አማ» እላቸዋለሁ። የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳት አንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ «ነገ ና» ሲሉኝ ከርመው ነበር። አማ ወረቀቶቼን ገለጥ ገለጥ አድርገው «ይህ በቢሮ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም» አሉና ባጃጅ ጠሩ። እኔም ማተቤን እያሳየሁ ጣዖት እንደማልዞር ነገርኳቸው። ቅር አላላቸውም። «እኔ እዞርልሃለሁ፤ አንተ ጫማዬን ጠብቅ» አሉኝ።

በሕንድ ቤተ መቅደስም እንደ እኛ ቤተ ክርስቲያን ጫማ ይወለቃል። አማ ነጠላ ጫማቸውን እግሬ ሥር አስቀምጠው ገቡ። ጥቂት ቆይቶ አንድ አባወራ መጣና የሚስቱንና የልጆቹን ጫማ ከአማ ጫማ ጎን ደረደረ። እሱን ያዩ ሌሎችም ደረደሩ። ላስረዳ ብሞክር የእኔ ቴሉጉ ቋንቋ ከሰላምታና ከሩዝ አያልፍም። አንድ ጎረምሳማ የግራ እግር ጫማው ጠፍቶ እኔን አፋጠጠኝ። በመጨረሻ አንዲት ወይዘሮ ወጥታ፣ ጫማዋን አጥልቃ፣ አሥር ሩፒ መዳፌ ላይ አኖረች። የማስተርስ ዲግሪ ተማሪ ነኝ! እናቴ ጠላ ጠምቃ፣ ጎረቤት ጠርታ «ልጄ ባሕር ማዶ ሊማር ነው» ብላ የሸኘችኝ ሰው ነኝ። በቀለሜ እንዳልል ግማሹ ሕዝብ ከእኔ ይጠቁራል። ከጫማ አጠገብ መቆሜ ብቻ ነው ያስፈረደብኝ። ያቺ አሥር ሩፒ እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች።

አማ የዙራቸው ቁጥር አንድ በአንድ የተሰረዘበትን ወረቀት ይዘው ሲወጡ ግን የራሴን ውርደት የሚያስረሳ ነገር አየሁ። በሩ ላይ ዞር አሉና ጣታቸውን ወደ ውስጥ፣ ወደ አምላካቸው ቀሰሩ። ኪራይ ያልከፈለ ተከራይ እንደሚቆጡ አድርገው ተቆጡት። ምን እንዳሉት ባጃጁ ውስጥ በእንግሊዝኛ ነገሩኝ፦ «አንተ ተቀምጠህ ትበላለህ፣ ይህ ልጅ ከአፍሪካ ድረስ መጥቶ በወረቀት ይንከራተታል። ሁለተኛ እንዳታመላልሰኝ፤ ጉልበቴን ታውቀዋለህ።» ይህን ብለው ሲጨርሱ እጃቸውን አጋጥመው ዝቅ አሉ፤ ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ባላጂ ራሱ ባለዕዳ ነው። ለሠርጉ ከሀብት አምላኩ ከኩቤራ ተበድሮ ወለዱን እስከ ዛሬ እየከፈለ ነው ይላሉ። በቲሩፓቲ ተራራ ላይ ወዳለው ዋናው ቤተ መቅደሱ የሚጎርፈው ስጦታም ለዚያ ዕዳ መክፈያ ነው ይባላል። አማ ይህን ሲያወሩ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። ከጡረታቸው ቆንጥረው መላኩን ግን አያስታጉሉም።

የባሰም አለ። እዚህ ሃይደራባድ ጎልኮንዳ ምሽግ ውስጥ የራማዳሱ እስር ቤት ይጎበኛል። የሰውዬው ትክክለኛ ስም ካንቸርላ ጎፓና ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግብር ሰብሳቢ ነበረ። ለሱልጣኑ ማስገባት የነበረበትን ገንዘብ ባድራቻላም በተባለ ቦታ ራማ ለሚባለው የሂንዱ አምላክ ቤተ መቅደስ አሠራበትና ሱልጣን አቡል ሐሰን ቁጥብ ሻህ ዘብጥያ አወረደው። ከዚያ ሆኖ ለራማ ያዜመው እስከ ዛሬ ይዘመራል። ልመና ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሒሳብም ያወራርዳል። ለወንድምህ ለባራታ የመረግድ ጌጥ አሠራሁ፣ ለሌላው ወንድምህ ለሻትሩግና የወርቅ የወገብ ሰንሰለት፣ ለሚስትህ ለሲታ የአንገት ጌጥ፣ እያንዳንዱ አሥር ሺህ ወጣበት እያለ ይቆጥራል። ከዚያ «በማን አባት ገንዘብ ነው የምትንቀባረረው? አባትህ ዳሻራታ ላከልህ ወይስ አማትህ ጃናካ ሰጠህ?» ይለዋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ግርፋቱን ስላልቻልኩት ነው የሰደብኩህ፣ አትቀየመኝ ብሎ ይለማመጣል። በአፈ ታሪኩ ራማ ስድቡን ዋጥ አድርጎ፣ ከወንድሙ ከላክሽማና ጋር በሌሊት ሱልጣኑ ዘንድ ሄዶ ዕዳውን ከፈለ። ደረሰኝም ተቀበለ!

«ድፍረት!» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ቁልቢ ገብርኤል ደጅ ቆመን «ልጅ ስጠኝ፣ ጃንጥላ አመጣለሁ» ብለን የምንዋዋለው ማን ሆነን ነው? 78 ሰው የበላው በላኤ ሰብእ በእፍኝ ውኃ ሲድን፣ እመቤታችንም ጥላዋን ሚዛኑ ላይ ጣል ስታደርግለት ሰምቶ በሆዱ ፈገግ ያላለ ማን አለ? እኛ ፊታችንን ማኮሳተር እንወዳለን፣ ያው ነው።

ለትምህርት ልትመጡ የምታስቡ ግን ይህን አንብባችሁ እንዳትዳፈሩ። ስድቡ የተፈቀደው ለባለቤቱ ነው። ሲስቁ አብራችሁ ፈገግ በሉ እንጂ ከራሳችሁ አንድም ቃል አትጨምሩ። በእኛ አዲስ ዓመት አካባቢ የዝሆን ራስ ያለውን ጋኔሻን የክሪኬት ተጫዋች ልብስ አልብሰው መንገድ ዳር ሊያቆሙት ይችላሉ። እነሱ ቢቀልዱበት በዓል ነው፤ እናንተ ፎቶውን ከቀልድ ጋር ፌስቡክ ላይ ብትለጥፉት ፖሊስ ሊመጣ ይችላል። ሆን ብሎ የሃይማኖት ስሜትን ያቆሰለን የሚቀጣውን አንቀጽ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1927 ያስገቡት ሲሆን፣ በ2024 ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግም አለ፤ እስከ ሦስት ዓመት ያሳስራል። ለጾም ግን እንዲህ የሚመች አገር አላየሁም። ብቻ ሥጋ የለውም የተባለውን ሁሉ የጾም ነው ብላችሁ አትብሉ፤ ቅቤው በየምስሩ ተደብቋል፤ ፓኒር የሚሉትም አይብ ነው።

የመኖሪያ ፈቃዴ ወጣ። ጸሐፊው ይሁን ማን እንዳወጣው እመቤቴ ታውቃለች፤ አማ ግን 108 ዙር ዕዳ እንዳለብኝ መዝግበዋል። አልዞርም ብዬ ስለጸናሁ እሳቸው ሊዞሩልኝ ተነሥተዋል፣ በዚያ ጉልበት። ባለፈው ቅዳሜ ከቤተ መቅደሱ ሲመለሱ፣ ባላጂን አነጋግረው በየሳምንቱ ከፋፍለው እንዲከፍሉ መስማማቱን አበሠሩኝ። ወለድም አልጠየቃቸውም። «የወለድን ጣጣ ከእሱ በላይ ማን ያውቀዋል?» አሉኝ።