አረንጓዴ ሳልገዛ የጤፍ ማሳ ስስል

ኮዬ ፈጬ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ያለውን የጤፍ ማሳ ልስል ስነሳ አረንጓዴም ጥቁርም ቀለም አልገዛሁም። የምስልበት አክሪሊክ፣ በውሃ የሚቀጥነው የሥዕል ቀለም፣ ውድ ነው፤ ግን ምክንያቴ ብር ብቻ አልነበረም። ከቱቦ እንደወጣ የተቀባ አረንጓዴ ለእኔ ፕላስቲክ ይመስላል። ሁለት ዓይነት ሰማያዊ፣ የሎሚ ቢጫ፣ ቀይ፣ ቡናማና ነጭ ይዤ ጀመርኩ።

ሰማያዊው ለምን ሁለት ሆነ? ቢጫና ሰማያዊ ሲደባለቁ አረንጓዴ እንደሚወጣ ልጅም ያውቃል። ነገሩ ያለው ግን የትኛው ሰማያዊ የሚለው ላይ ነው። አንደኛው ሰማያዊ፣ አልትራማሪን፣ ወደ ቀይ ያደላል። ቀይ ደግሞ የአረንጓዴ ተቃራኒ ስለሆነ ድምቀቱን ይገድለዋል። ስለዚህ ከሎሚ ቢጫ ጋር ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ይሰጣል። ታሎ ሰማያዊ በተቃራኒው ወደ አረንጓዴ ስለሚያደላ ውጤቱ ቦግ ያለ ነው። ለመስከረሙ ለጋ ጤፍ ታሎውን ተጠቀምኩ። ከኋላ ለሚታየው ባሕር ዛፍ አልትራማሪኑን በቢጫና በነጭ አለዘብኩት። ባሕር ዛፍን ከሩቅ ልብ ብላችሁ እዩት፤ ከአረንጓዴ ይልቅ ለአመድማ ይቀርባል።

ታሎ ጉልበተኛ ነው። ሁልጊዜ ከቢጫው ጀምሩና እሱን በብሩሽ ጫፍ ጨምሩ። ከሰማያዊው ከጀመራችሁ የቢጫው ቱቦ ተሟጦም አይበቃችሁም። አክሪሊክ ሲደርቅ ደግሞ ጠቆር ይላል፤ መጀመሪያ ቁራጭ ካርቶን ላይ ቀብታችሁ አድርቁት።

የከበደኝ ዋልካው ነው። አፈሩ ጥቁር ነው ብሎ ጥቁር መቀባት ሸራውን የተቦረቦረ ያስመስለዋል። አልትራማሪንና በርንት አምበር የሚባለው ቡናማ ተደባልቀው ግን ጥልቀት ያለው ጥቁር ይወጣቸዋል። ሰማያዊው ሲበዛ ይቀዘቅዛል፤ ቡናማው ሲበዛ ይሞቃል።

ፓሌት (ቀለም መደባለቂያ ሰሌዳ) ላይ ልክ የነበረው የዋልካ ቀለም ቢጫማው ጤፍ አጠገብ ሲያርፍ ወይን ጠጅ መሰለ። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሸቭረል በ1839 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያብራራው ይህንኑ ነው። ፓሪስ ውስጥ በጎብለን የሥዕል ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር ደበዘዘ የሚል ቅሬታ ሲመጣበት መረመረ። ማቅለሚያው ምንም አልሆነም፤ ጥቁሩን ያደበዘዙት ጎረቤቶቹ ቀለሞች ናቸው። ዓይናችን የአንዱን ቀለም ተቃራኒ አጠገቡ ያለው ላይ ይጨምርበታል። የቢጫ ተቃራኒ ወይን ጠጅ ነው። እኔም ዋልካው ላይ ቡናማ ጨመር አደረግሁና ተስተካከለ።

ለኮንዶሚኒየሞቹ ግራጫ አዲስ ቀለም አላወጣሁም። ፓሌቱ ላይ የተረፈውን አረንጓዴ በቀይ ገደልኩት፤ ከዚያ ነጭ ጨመርኩበት።