አልገባም ያለው ሶኬት

ፍኖተ ሰላም ካለው ጋራዤ የሚመጡት አብዛኞቹ ባጃጆችና ሞተር ሳይክሎች ናቸው። ባለ አራት ጎማ ሞተር ሳይክል የማየው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከብር ሸለቆ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣልኝ ግን እንዲህ ያለው ነበር። ባለቤቱ በርበሬና በቆሎ ያለማል፤ የመድኃኒት መርጫውንና የውኃ ፓምፑን ከማሳ ማሳ የሚያመላልሰው በዚሁ ነው። ዘይት ጎድሎበት ሲነዳ ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል፤ ፒስቶኑ የሚያዞረው ዘንግ፣ የክራንክ ሻፍቱ፣ ኩሽኔታም አልቋል።

«ወንድሜ፣ የበርበሬው ለቀማ ሳያልፍ አድርስልኝ» አለኝ።

ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሙሉ ሞተር ተገኘ። ሞዴሉ ያው፣ የሲሊንደሩ መጠን ያው፤ የሚለየው የተሠራበት ዘመን ነው። የተበላሸው በፈረንጆቹ የ2006 ስሪት፣ የተገዛው የ2012። ሞተሩን ስናስገባው የማሰሪያ ቀዳዳዎቹ በሙሉ ከሻሲው ጋር ገጠሙ፤ ቡሎኖቹ ያለ ቁልፍ በጣት ገቡ። እንዴት ደስ አለኝ! ያሳሳተኝም ያ ደስታ ነው።

አሮጌው ነዳጅና አየር በሚደባልቅ ካርቡሬተር፣ አዲሱ ነዳጁን በኮምፒውተር ትእዛዝ በሚረጭ ኢንጀክሽን እንደሚሠራ አውቃለሁ። ኢንጀክሽን ኮምፒውተር፣ የነዳጅ ፓምፕና ሴንሰሮች ይፈልጋል፤ ሻጩ የሰጠን ግን ሞተሩን ብቻ ነው። ስለዚህ የኢንጀክሽኑን ክፍል ነቅዬ የድሮውን ካርቡሬተር ከነላስቲኩ መለስሁበት። የነዳጅ ቀዳዳው ለእኛ አገር ከፍታ ቀድሞ የተስተካከለ ስለነበር በዚህ በኩል አልተቸገርሁም።

የቀረው ከማግኔቱ፣ ማለትም ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ክፍል፣ የሚወጣው ሶኬት ነበር። ረዳቴ ሊሰካው ሞክሮ ቀና አለ።

«አያ፣ ይህ እኮ አይገባም። ቅርጹም ሌላ ነው።»

ልጁ የነገረኝ ትክክለኛውን ነገር ነው። እኔ ግን ፒንሳ አንሥቼ ሁለቱንም ሶኬቶች ቆረጥሁ፤ ሽቦዎቹን ቀለም ከቀለም አገጣጥሜ በናስትሮ ጠቀለልኋቸው። ፋብሪካው የሶኬቱን ቅርጽ የለወጠው እንደ እኔ ያለው ሰው ቆም ብሎ እንዲያስብ መሆኑን በዚያች ሰዓት አላሰብሁትም።

ባትሪው ካንዴላውን ለማስተኮስ ይበቃል እንጂ ሞተሪኖውን ለማዞር ዐቅም አልነበረውም። ልጁን በገመድ እንዲያስነሣው ነገርሁት። አንድ ጊዜ ሳበ፤ ጭስ ማውጫው ጷ! አለ። ደግሞ ሳበ። ሞተሩ ግማሽ ዙር እንኳ ሳይዞር ወደ ኋላ መታና ገመዱ የልጁን እጅ ይዞ ወደ ውስጥ ተመለሰ። እጀታው ከሽፋኑ ጋር ሲጋጭ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ልጁ አልጮኸም። አንጓውን በሌላ እጁ ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

እናቱ ወጌሻ ዘንድ ልውሰደው አሉ። በመጀመሪያ ሆስፒታል ሄዶ ራጅ ይነሣ ብዬ ለመንኋቸው። አጥንቱ ተሰንጥቆ ነበርና በጀሶ ታሰረ።

«ልጄ ምን አጥፍቶ ነው?» አሉኝ።

«እሱ አላጠፋም፣ እማማ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኋቸው።

ማታ ብቻዬን ተመልሼ የማግኔቱን ሽፋን ፈታሁ። የሁለቱን ሞተሮች ቮላኖ፣ ማለትም በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት፣ በመንቀያ (ፑለር) አወጣሁና ጆንያ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኋቸው። ቮላኖ በመዶሻ አይነቀልም፤ የክራንክ ሻፍቱን ጫፍ ያበላሻል። በአሮጌው ዳር ላይ የጣት ጫፍ የምታህል አንዲት ጉብታ አለች። በአዲሱ ላይ ዘጠኝ ቆጠርሁ። ደግሜ ቆጠርሁ፤ ዘጠኝ።

ጉብታዋ በአጠገቧ ባለው የምልክት ሽቦ ጥቅል ፊት ስታልፍ ብልጭታውን የሚያዝዘው ሳጥን፣ ሲዲአዩ፣ ያንን ተቀብሎ ለካንዴላው ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ቦቢና ያስተኩሳል። ለአንድ ዙር አንድ ጉብታ፣ አንድ ብልጭታ። የአዲሱ ሞዴል ኮምፒውተር ከዘጠኙ ምልክት የፒስቶኑን ቦታ አስልቶ በትክክለኛው ቅጽበት ብቻ ያስተኩሳል። ሞተሩ ሲቀየር በቦታው የቀረው የድሮው ሲዲአይ ግን መቁጠር አያውቅም፤ ምልክት ባየ ቁጥር ያስተኩሳል። ፒስቶኑ ገና ወደ ላይ በመውጣት ላይ ሳለ ቤንዚኑ ተቀጣጠለና ወደ ኋላ ገፋው። የልጁን እጅ የሰበረው ይህ ነው።

በማግስቱ የድሮውን ቮላኖ፣ ጥቅሎቹንና የጎን ሽፋኑን ወደ አዲሱ ሞተር ላዛውር ተነሣሁ። ከዚያ በፊት ግን የክራንክ ሻፍቱን ሾጣጣ ጫፍ ሰማያዊ ቀለም በስሱ ቀባሁት፤ ቮላኖውን አስገብቼ ትንሽ አዙሬ አወጣሁት። ቀለሙ በቮላኖው ቀዳዳ ዙሪያ ሁሉ እኩል ያዘ፤ ገጥሟል ማለት ነው። ቮላኖውን በቦታው የምትይዘው የትንሿ ብረት ቁልፍ መቀመጫም ልክ ነበር። የቆረጥሁትን የድሮ ሶኬት ሽቦ በሽቦ በይጄ መለስሁት። የረዳት እጅ አጥቼ ስለነበር ይህ ሁሉ ሥራ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ሞተሩ ሲነሣ በጎን ሽፋኑ ማያ ቀዳዳ በኩል፣ ከካንዴላው ጋር እኩል ብልጭ በሚል የስትሮብ መብራት አየሁት። በቮላኖው ላይ ያለችው፣ የብልጭታው ምልክት የሆነችው የ«ኤፍ» መሥመር ከጠቋሚው ትይዩ ቀጥ ብላ ቆማለች። ባለ ማሳው ለቀማው ሳያልቅ ወሰደው።

ልጁ ጀሶው ከተፈታለት በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ሶኬት አልገባም ሲል አሁን ሥራ አቁመን አብረን እናያለን። ሞተር በተቀየረ ቁጥር የመጀመሪያውን ገመድ የምስበው እኔ ነኝ።